ባብ ኤል መንደብ፦ ንግድ፣ መርከብና ጦር የሚገናኙበት ጠባብ በር

ኖቬምበር 19 ቀን 2023 ጋላክሲ ሊደር የተባለች መኪና አመላላሽ መርከብ ከቱርክ ተነሥታ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ሕንድ በመጓዝ ላይ ሳለች፣ አንድ ሄሊኮፕተር ከበላይዋ አንዣበበና የታጠቁ ሰዎችን ሰፊው ጣሪያዋ ላይ አወረደ። ሰዎቹ ራሳቸው ቀርጸው ባሠራጩት ቪዲዮ እንደታየው፣ ጠመንጃቸውን ደግነው መርከቧ ወደምትመራበት ክፍል ሲገቡ በዚያ የነበሩት መርከበኞች እጃቸውን ወደ ላይ ከማንሣት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። መርከቧን የያዟት በጋዛው ጦርነት ምክንያት በእስራኤል ላይ የተነሡት የየመን ታጣቂዎች ሁቲዎች ሲሆኑ፣ ያቀረቡት ምክንያትም መርከቧ የእስራኤል ናት የሚል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገር ግን መርከቧ የማን እንደሆነች በአንድ አገር ስም መመለስ አይቻልም። ታውለበልብ የነበረው የባሃማስን ባንዲራ ነው። ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው ኩባንያ ከአንድ እስራኤላዊ ባለሀብት ጋር ግንኙነት ያለው ሲሆን፣ ተከራይቶ የሚያሠራት ደግሞ የጃፓን ኩባንያ ነበር። ሃያ አምስቱ ሠራተኞቿ የፊሊፒንስ፣ የቡልጋሪያ፣ የሩማንያ፣ የዩክሬንና የሜክሲኮ ዜጎች ናቸው። ከጋዛው ጦርነት ጋር አንዳች ጉዳይ ያልነበራቸው እነዚህ ሰዎች ከአንድ ዓመት በላይ በየመን ታግተው ከቆዩ በኋላ በጃንዋሪ 2025 ተለቀቁ።

የባለቤትነቱ ነገር እንዲህ የተወሳሰበው በዚህች መርከብ ብቻ አይደለም፤ የዛሬው የባሕር ንግድ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ካፒታሉ ከአንድ አህጉር፣ ባንዲራው ከሌላው፣ ሠራተኛው ከሦስተኛው፣ ጭነቱ ከአራተኛው ይመጣል። ይህ ትስስር ዕቃን ርካሽ ያደረገውን ያህል፣ በአንዲት ጠባብ ቦታ የተቀመጠ ታጣቂ የሁሉንም ገበያ በአንድ ጊዜ እንዲነካ በር ከፍቶለታል። ቦታዋ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የቅርብ ጎረቤት ናት። ከጅቡቲ ከተማ የምትርቀው በመኪና የጥቂት ሰዓታት መንገድ ብቻ ነው።

የባብ ኤል መንደብ ሰርጥ በየመንና በአፍሪካ ቀንድ መካከል የሚገኝ፣ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የባሕር መተላለፊያ ነው። ስሙ በዓረብኛ «የእንባ በር» ማለት ነው። በመካከሉ ያለችው ፔሪም ወይም ማዩን የምትባለው ትንሽ ደሴት መተላለፊያውን ለሁለት ስለምትከፍለው መርከቦች የሚጓዙበት መስመር ከዚያም ይጠብባል። ከሰሜን የሚመጣ መርከብ በስዊዝ ቦይ ገብቶ፣ ቀይ ባሕርን አቋርጦ፣ በዚህ በር ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤና ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወጣል። ቀይ ባሕር በሁለቱም ጫፉ በር ያለው ረጅም ኮሪደር ነው ብንል አንሳሳትም፤ አንደኛው በር ሲዘጋ ሌላው ክፍት መሆኑ ለአላፊ አግዳሚው ብዙም አይጠቅመውም።

ከ2023 መጨረሻ በፊት ከዓለም ንግድ 12 በመቶ ገደማ፣ በኮንቴይነር ከሚጓዘው ዕቃ ደግሞ 30 በመቶ ያህሉ በስዊዝ በኩል ያልፍ ነበር። በባብ ኤል መንደብ በቀን ከ8 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅና የነዳጅ ውጤት ይተላለፍ ነበር። ምክንያቱ ርቀት ነው። ከሲንጋፖር ሮተርዳም በስዊዝ በኩል 8,300 የባሕር ማይል ገደማ ሲሆን፣ በደቡብ አፍሪካው የመልካም ተስፋ ርዕሰ ምድር ዞሮ ለመሄድ ግን 11,800 ይሆናል። ልዩነቱ በተለመደው የመርከብ ፍጥነት ከአሥር ቀን ያላነሰ ጉዞ ነው። አሥር ቀን በመርከብ ሒሳብ ብዙ ነገር ነው፦ ተጨማሪ ነዳጅ፣ ተጨማሪ ደመወዝ፣ ተጨማሪ ኪራይ ከመሆኑም በላይ፣ ያው መርከብ በዓመት የሚመላለስበትን ቁጥር ስለሚቀንስ ለተመሳሳይ ጭነት ብዙ መርከብ ያስፈልጋል።

የዚህ መንገድ ዋጋ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ታሪክ ከስዊዝ ቦይ ተለይቶ ሊነገር አይችልም። እንግሊዞች ኤደንን በ1839 የያዙት ወደ ሕንድ የሚሄዱ የእንፋሎት መርከቦቻቸው የድንጋይ ከሰል የሚሞሉበት ቦታ ስላስፈለጋቸው ነበር። ፈረንሳዮች በ1862 ኦቦክን በውል አገኙ። ቦዩ ኖቬምበር 17 ቀን 1869 ተመርቆ ሲከፈት፣ በዚያው ወር ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ በወኪሉ በጁሴፔ ሳፔቶ አማካይነት ከአካባቢው ባላባቶች የአሰብን ባሕር ዳርቻ ለመግዛት ውል ተፈራረመ። መጀመሪያ የመጣው ነጋዴ ነው፤ የፈለገውም የመርከብ ማረፊያ ብቻ እንደሆነ ተነገረ። በ1882 ግን ቦታውን የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው፣ በ1885 ደግሞ የጣሊያን ጦር ምጽዋ ላይ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናውቀዋለን፦ ዶጋሊ፣ ውጫሌ፣ ዐድዋ። ከኩባንያ ውል እስከ ጦርነት የነበረው ጊዜ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላም።

ይኸው ቦይ በ1935 ሌላ ነገር አሳየን። በ1888 የተፈረመው የቁስጥንጥንያ ስምምነት ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ ለማንኛውም አገር መርከብ ክፍት እንዲሆን ይደነግጋል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲነሣ ወታደሩን፣ መድፉንና የመርዝ ጋዙን ያጓጓዘው በዚሁ ቦይ ነው፤ መርከቦቹም እንደ ማንኛውም የንግድ መርከብ የማለፊያ ክፍያቸውን እየከፈሉ ነበር ያለፉት። ያን ጊዜ ግብፅ ውስጥ ጦር የነበራት፣ በቦዩ ኩባንያም ትልቁን የአክሲዮን ድርሻ የያዘችው ብሪታኒያ መንገዱን ብትዘጋው የጣሊያን ሠራዊት ከአገሩ በተቆረጠ ነበር። አልዘጋችውም። የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብም ነዳጅን አልጨመረም። ይህን የምጽፈው የቆየ ቂም ለማንሣት አይደለም። የባሕር መንገድ «ገለልተኛ ነው» ሲባል ለማን እንደሚጠቅም መጠየቅ እንዳለብን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ስለማላውቅ ነው። ለሁሉም ክፍት የሆነ መንገድ፣ መርከብ ላለው ብቻ ክፍት ነው።

ቦዩ የተዘጋበት ጊዜም አለ። ጋማል አብደል ናስር በጁላይ 1956 የቦዩን ኩባንያ ሲወርሱ ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይና እስራኤል ጦር አዘመቱ፤ አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በየፊናቸው ባደረጉት ግፊትም ወራሪዎቹ ለቀው ወጡ። ከ1967ቱ የዐረብና የእስራኤል ጦርነት በኋላ ደግሞ ቦዩ ለስምንት ዓመት ተዘጋ፤ ዳግም የተከፈተው በጁን 1975 ነው። በጦርነቱ ቀን በመተላለፍ ላይ የነበሩ 14 መርከቦች ታላቁ መራራ ሐይቅ በሚባለው የቦዩ ክፍል ውስጥ እንደታሰሩ ስምንቱን ዓመት ቆዩ፤ የበረሃው አሸዋ ስላለበሳቸውም «ቢጫው መርከብ ጓድ» ተባሉ። በእነዚያ ዓመታት የነዳጅ ኩባንያዎች አፍሪካን መዞሩ እንዲያዋጣ እጅግ ግዙፍ ታንከሮችን አሠርተው ተጠቀሙ። መንገድ ሲዘጋ ንግድ አይቆምም፣ ቅርጹን ይለውጣል፤ የለወጠውም ቅርጽ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ይቀጥላል።

በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የነበረውን ፉክክር በአጭሩ እናልፈዋለን። አሜሪካ በአስመራ የቃኘው ጣቢያ፣ ሶቭየት ኅብረት በመጀመሪያ በበርበራ፣ በኋላም በኤደንና በዳህላክ ደሴቶች ነበሩ፤ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1977 ሲዋጉ ሁለቱ ኃያላን ወዳጅ ተለዋወጡ። የዛሬው ሁኔታ የሚለየው ተፎካካሪዎቹ በአንድ ከተማ አጥር ለአጥር የሚኖሩ መሆናቸው ነው። ከተማዋ ጅቡቲ ናት።

ጅቡቲ እንዴት የጦር ሰፈሮች መናኸሪያ ሆነች? ፈረንሳይ አገሪቱ በ1977 ነጻ ከወጣች በኋላም ጦሯን አላስወጣችም። አሜሪካ ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ የፈረንሳይ ወታደሮች የነበሩበትን የለሞኒዬን ካምፕ ተከራይታ ገባች። ቀጥሎ የሶማሊያ የባሕር ላይ ዝርፊያ መጣ። ከ2008 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት፣ አሜሪካ፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ ሩሲያ፣ ጃፓንና ሌሎችም የንግድ መርከብ እናጅብ ብለው የጦር መርከቦቻቸውን ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላኩ። የጦር መርከብ ደግሞ ነዳጅ፣ ምግብና ጥገና ይሻል። ጃፓን በ2011 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጀመሪያ የሆነውን የውጭ አገር ሰፈሯን ጅቡቲ ላይ ከፈተች፤ ጣሊያን ተከተለች፤ በኦገስት 2017 ቻይና በታሪኳ የመጀመሪያውን የባሕር ማዶ የጦር ሰፈር በዚያው አቋቋመች። የባሕር ላይ ዝርፊያው ከቀነሰ በኋላም ሰፈሮቹ ቀሩ።

በጅቡቲ ውስጥ ንግድና ጦር ምን ያህል እንደተጣበቁ ለማየት ካርታ መዘርጋት ይበቃል። የቻይና ሰፈር የሚገኘው በዚያው በ2017 ሥራ ከጀመረው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ጎን ነው። በጅቡቲ ወደብ ኩባንያ ውስጥ ቻይና መርቻንትስ የተባለው የቻይና መንግሥት ድርጅት ከ2013 ጀምሮ 23.5 በመቶ ድርሻ አለው። ከዚያው ከዶራሌ አካባቢ እስከ አዲስ አበባ ዳርቻ ሰበታ ድረስ የተዘረጋው፣ ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የባቡር ሐዲድ የተሠራው በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድርና በቻይና ሥራ ተቋራጮች ነው። የአሜሪካው ካምፕ በበኩሉ መንገደኛ ከሚወርድበት ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር ይዋሰናል። ሁለቱ ሰፈሮች ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ቢራራቁ ነው። በ2018 አሜሪካ ከቻይና ሰፈር አካባቢ በተተኮሰ የጨረር ብርሃን ሁለት አብራሪዎቼ ዐይናቸው ተጎዳ ብላ ስትከስ ቻይና አስተባበለች። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ የጅቡቲ መንግሥት የዱባዩ ዲፒ ወርልድ በ2006 ውል ያስተዳድረው የነበረውን የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ወሰደበት፤ ክርክሩም በዓለም አቀፍ የግልግል ችሎቶች ለዓመታት ተጓተተ። ዲፒ ወርልድ ከዚያ በፊት በ2016 ከሶማሌላንድ ጋር በበርበራ ወደብ ላይ ተዋውሎ ነበር፤ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጦርም ለየመኑ ጦርነት ከ2015 ጀምሮ አሰብን ይጠቀም ነበር። እንግዲህ ወደቡን የሚያስተዳድረው ኩባንያ፣ ሐዲዱን ያበደረው ባንክና ሰፈር የተከራየው ጦር እንደ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች በሦስት ገጽ ቢዘገቡም፣ በቦታው ላይ አንድ ጉዳይ ናቸው።

ይህ ሁሉ የጦር ሰፈር ባለበት፣ ይህ ሁሉ የጦር መርከብ በሚመላለስበት አካባቢ፣ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የንግድ መርከቦች ማለፍ እንዴት አቃታቸው? መልሱ ያለው በሒሳቡ ላይ ይመስለኛል። ሁቲዎች የሚያስወነጭፉት አንድ ድሮን ዋጋው በሺዎች ወይም በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ሲሆን፣ እሱን አየር ላይ ለመምታት ከአሜሪካ የጦር መርከብ ከሚተኮሱት ሚሳኤሎች አንዱ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ከዚህም በላይ ታጣቂው የሚያልፈውን መርከብ ሁሉ መምታት አይጠበቅበትም። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች እንዲፈሩ ጥቂቶቹን መምታት ይበቃዋል። ወደ ጦርነት ቀጣና ለሚገባ መርከብ ለአንድ ጉዞ ተጨማሪ የሚከፈል የጦርነት አደጋ መድን አለ፤ በሰላም ጊዜ ከመርከቡ ዋጋ የአንድ በመቶ ኢምንት የነበረው ይህ ክፍያ፣ ጥቃቱ በበረታበት ወቅት ወደ አንድ በመቶ ተጠጋ። መርከቡ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ከሆነ አንድ በመቶ ማለት ለአንዲት ማለፊያ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነው። ባለ መርከቡ አፍሪካን ዞሮ መሄድን የሚመርጠው ሚሳኤል ስለመታው አይደለም፤ ሒሳቡ አልወጣ ስላለው ነው። በዲሴምበር 2023 ታላላቆቹ የኮንቴይነር ኩባንያዎች ሜርስክ፣ ኤምኤስሲ፣ ሃፓግ ሎይድና ሌሎችም በቀይ ባሕር ማለፍ አቆሙ።

አሜሪካና ብሪታኒያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የመን ውስጥ የሚገኙ የሁቲ ዒላማዎችን ደበደቡ፤ የአውሮፓ ኅብረትም «አስፒዴስ»፣ በግሪክኛ ጋሻዎች፣ የተባለ የአጀባ ተልዕኮ አሰማራ። ድብደባውም አጀባውም መንገዱን ሙሉ በሙሉ አላስከፈቱትም። በማርች 2024 ሩቢማር የተባለችው፣ ማዳበሪያ የጫነች መርከብ ሰጠመች፤ በዚያው ወር ትሩ ኮንፊደንስ በተባለችው ላይ በተተኮሰ ሚሳኤል ሦስት መርከበኞች ሞቱ። በጁላይ 2025 እንኳ ማጂክ ሲስና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉ ሁለት መርከቦች በቀናት ልዩነት ወደ ባሕሩ ሥር ወርደዋል።

በዚያ ወቅት ከሆነው ሁሉ አንድ ትንሽ ነገር ሁኔታውን ይበልጥ ያስረዳል። እያንዳንዱ ትልቅ መርከብ ስሙን፣ ያለበትን ቦታና መድረሻ ወደቡን በሬዲዮ የሚያሳውቅ መሣሪያ አለው። በሰርጡ የሚያልፉ አንዳንድ መርከቦች የመድረሻ ወደባቸው ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ «ሠራተኞቹ በሙሉ ቻይናውያን ናቸው» ወይም «ከእስራኤል ጋር ግንኙነት የለንም» ብለው መጻፍ ጀመሩ። ጽሑፉ ሁልጊዜ አላዳነም፤ የቻይና ባለቤትነት ያለበት ሁዋንግ ፑ የተባለ ታንከርም በማርች 2024 ተመትቷል። ሆኖም መርከበኛው በዚያ ጠባብ ቦታ ሕይወቱ በየትኛው መንግሥት ወዳጅነት ላይ እንደተንጠለጠለች ገምቶ መጻፍ ነበረበት።

የጉዳቱ አከፋፈል ፍትሐዊ አልነበረም። የመርከብ ኩባንያዎቹ የኪራይ ዋጋ ሲንር ገቢያቸው አደገ። ግብፅ ግን ከጦርነቱ ሜዳ ውጭ ሆና ሳለ በ2023 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው የቦዩ ገቢዋ በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። በእስራኤል የኤይላት ወደብ ሥራ ሊቆም ደረሰ። በየመን ያለው ሕዝብ ደግሞ ከውጭ በሚገባ እህል የሚኖር ስለሆነ፣ መርከብ በራቀ ቁጥር የሚከብደው እሱ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ የጂኦግራፊ ነጥብ አለ። ጅቡቲ ከተማ የምትገኘው ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። ስለዚህ ከቻይና፣ ከሕንድ ወይም ከዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ወደ ጅቡቲ የሚመጣ ዕቃና ነዳጅ ሰርጡን ማለፍ አያስፈልገውም። ሰርጡን የሚያልፈው ከአውሮፓና ከጥቁር ባሕር የሚመጣው ስንዴና ማሽን፣ ከሞሮኮ የምንገዛው የፎስፌት ማዳበሪያ፣ እንዲሁም ከእኛ ወደ ጀርመን፣ ወደ ቤልጂየምና ወደ ሳዑዲው ጅዳ ወደብ የሚሄደው ቡና ነው። ታዲያ ከቻይና የሚመጣው ዕቃ ኪራይ ለምን ጨመረ? ትልቁ የኮንቴይነር መርከብ ቀድሞ ጅቡቲን ይነካ የነበረው ከእስያ ወደ አውሮፓ ሲሄድ መንገዱ ላይ ስለሆነች ነው። በደቡብ አፍሪካ መዞር ሲጀምር ጅቡቲ ከመንገዱ ወጣች። ዕቃው በሌላ ወደብ ወርዶ በትንሽ መርከብ መመላለስ፣ ተራ መጠበቅና ሁለት ጊዜ መጫን መውረድ አመጣ። መድን ሰጪዎች አደገኛ ብለው የመደቡት ቀጣናም የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ይጨምራል። በሩን ሳያልፍ የሚመጣው ጭነትም እንዲህ የበሩን ዋጋ ይከፍላል።

ማዳበሪያውን ቀረብ ብለን እንየው። ከሞሮኮ 60,000 ቶን የጫነ መርከብ ጅቡቲ ሲደርስ ጭነቱ በከረጢት የታሰረ አይደለም፤ እንደ አሸዋ ተዘርግፎ የመርከቡን ሆድ ሞልቶታል። ክሬኑ በብረት መንጋጋው እየዘገነ ወደ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ያፈሰዋል፤ ከሥሩ ያሉት ሠራተኞች በጨው ትነትና በአቧራ መካከል ከረጢቱን አፉ ላይ ይዘው 50 ኪሎ ሲሞላ ወደ መስፊያው ያሳልፉታል። አንድ የጭነት መኪና ከነተጎታቹ 400 ኩንታል ቢጭን፣ ያቺን መርከብ ብቻ ባዶ ለማድረግ 1,500 መኪና ይፈልጋል። መኪናው ጋላፊን ተሻግሮ፣ የአፋርን በረሃ በሚሌና በአዋሽ አቋርጦ ወደ መሃል አገር ይወጣል። መርከቡ በወደቡ ከተወሰነለት ቀን በላይ ከቆመ በየቀኑ የሚቆጠር፣ ነጋዴዎች ዲመሬጅ የሚሉት ቅጣት አለ፤ የሚከፈለውም በዶላር ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ማዳበሪያ ቀጠሮ ያለው ዕቃ ነው። ጤፍና ስንዴ የሚዘራ ገበሬ በሐምሌ ያላገኘውን ዳፕ ማዳበሪያ በመስከረም ቢያመጡለት ምንም አይሠራለትም። ስለዚህ አፍሪካን መዞር የሚያመጣው መዘግየት ለሞባይል ስልክ ነጋዴ የወለድ ጉዳይ ሲሆን፣ ለገበሬው የዓመት ምርት ጉዳይ ነው። ከውጭ ንግዱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን በአንድ ወደብ የሚያስተናግድ አገር ደግሞ መርከብ ሲዘገይ አማራጭ ብሎ የሚያዞርበት ሌላ ቦታ የለውም።

ከዕቃው ሌላ በሰርጡ ሥር የሚያልፍ የማይታይ ጭነትም አለ። በአውሮፓና በእስያ መካከል የሚመላለሰው የኢንተርኔት መረጃ አብዛኛው የሚጓዘው በቀይ ባሕር ወለል ላይ በተዘረጉ የፋይበር ገመዶች ነው። ሩቢማር ከተመታች በኋላ ሠራተኞቿ ጥለዋት ሲወጡ መልሕቋ የባሕሩን ወለል እያረሰ ለቀናት ተንሳፈፈች፤ በዚያ ሰሞን ሦስት ገመዶች ተቆረጡ፤ የቆረጣቸውም መልሕቁ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ገመድ የሚጠግነው መርከብ ቦታው ላይ ለቀናት ቆሞ መሥራት አለበት፤ ባሕሩ ሚሳኤል የሚተኮስበት፣ ፈቃድ የሚሰጠውም አገር ለሁለት የተከፈለ ሆኖ ጥገናው ወራት ፈጀ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ጅዳ አካባቢ ሌሎች ገመዶች ተቆርጠው ከፓኪስታን እስከ ኤምሬቶች ኢንተርኔት ተንቀራፈፈ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የባሕር በር ጥያቄ በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሱት ወደቦች ከዚህ ሰርጥ አንጻር ያሉበትን ቦታ ማወቅ ለክርክሩ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ምጽዋና አሰብ ከባብ ኤል መንደብ በስተሰሜን፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ናቸው፤ በእነሱ የሚመጣ የእስያ ዕቃና የባሕረ ሰላጤው ነዳጅ ሰርጡን ማለፍ ይኖርበታል፣ ከአውሮፓ የሚመጣው ግን ነጻ ነው። ጅቡቲና በርበራ በስተደቡብ ስላሉ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ ጎን በርበራን መጨመር የወደብ ኪራይ ለመደራደር አቅም ይሰጣል፤ ሰርጡ ሲዘጋ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ችግር ይገጥማቸዋል። ከደቡብና ከሰሜን አንድ አንድ ወደብ መጠቀም የተለየ ነገር ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ግን ከገንዘብ በፊት ሰላምና በጎረቤታሞች መካከል መተማመን ነው፤ አሰብ ከ1998ቱ ጦርነት ጀምሮ ለኢትዮጵያ ዕቃ ያልሠራችው ክሬን ጠፍቶ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ የምትለየው የኬንያዋ የላሙ ወደብ ናት። የመጀመሪያው የመርከብ ማረፊያዋ በሜይ 2021 ሥራ ጀምሯል፤ የምትገኘውም በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ስለሆነ ለእስያ ጭነት በባብ ኤል መንደብ ማለፍ አያስፈልጋትም፤ የአውሮፓው ጭነት አጭሩ መንገዱ በሰርጡ በኩል ቢሆንም፣ ሲዘጋ አፍሪካን ዞሮ ይደርስባታል። ከላሙ በኢሲዮሎና በሞያሌ አድርጎ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መንገድ ከጅቡቲው በእጅጉ ይረዝማል፤ በተለመደው ጊዜ ነጋዴው ላይመርጠው ይችላል። ለደቡብ ኢትዮጵያ ማዳበሪያና ለሲዳማ ቡና ግን፣ በተለይም ቀይ ባሕር በተዘጋ ዓመት፣ ሒሳቡ ሌላ ይሆናል፤ የመልካም ተስፋን ርዕሰ ምድር ዞሮ ወደ ሰሜን የሚወጣ መርከብ ከጅቡቲ በፊት የሚያገኛት ላሙን ነው።